ወንድሜን ዝም ማለቴ ጸጋ ነው ወይስ ይሉኝታ?

የአዌቱ ልጅ (ጅማ) | ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሦስት ቀን አመነታሁ።

አንድ ወንድም አለኝ። የሥጋ ሳይሆን የእምነት ወንድሜ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ እያለን ተዋወቅን፤ 11 ዓመት ሆነን። ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበር። እናቴ ቀዶ ሕክምና ስታደርግ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከእኔ ጋር አድሯል። ሳልጠይቀው 18 ሺህ ብር አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። እስከ ዛሬ «መልስ» ብሎኝ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ስታነቡ እንዳትረሱት ብዬ ነው።

ሥራው ቡና መሰብሰብ ነው። በአጋሮ መንገድ ከገበሬው እሸት ቡና ይረከብና ለማጠቢያ ጣቢያ ያስረክባል። ዘንድሮ ጸሐፊው ታመመበት። ሁለት ቅዳሜ መዝገብ እንድይዝለት ለመነኝ፤ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ገበሬው ማዳበሪያውን ሚዛኑ ላይ ይሰቅላል። ሚዛኑ 23 ከግማሽ ይላል። ጓደኛዬ «22!» ብሎ ይጠራል። ግማሿ ሽርፍራፊ ናት ተብላ ትጣላለች። 1 ኪሎ ደግሞ «የማዳበሪያው» ተብሎ ይቀነሳል። ባዶ ማዳበሪያ እኮ በሁለት ጣት የሚነሣ ነገር ነው። እኔም 22 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀጣዩን። ከዚያ ቀጣዩን። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በገዛ እጄ ጻፍኩ።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። የሚዛኑን መርፌ ቀና ብለው አዩ። ቁጥሩ ሲጠራ እሱን ሳይሆን እኔን አዩኝና «ዱጋዳ?» አሉኝ። እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው። እኔ መዝገቡ ላይ አቀረቀርኩ።

እሁድ ጠዋት ያው ወንድሜ መድረክ ላይ ቆሞ ጸሎት መራ። እንባው የምር ነው። አስመሳይ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፣ እኔ አውቀዋለሁ። ግን «አሜን» ማለት አቃተኝ።

እስካሁን ምንም አላልኩትም። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት መንፈሳዊ ይመስላል፦ «እኔ ማን ነኝና እፈርዳለሁ? ጸጋ ይብዛለት። ጌታ ራሱ ያናግረዋል።» ዮሐንስ ግን ስለ ጌታ ሲጽፍ «ጸጋንና እውነትንም ተመልቶ» ነው ያለው። ሁለቱንም። እኔ ጋ ያለው ጸጋ ውስጡ እውነት የለም። ጸጋ መሆኑንም እየተጠራጠርኩ ነው።

እንዲህ ባለ ነገር ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ተናጋሪም ሁኑ የተነገራችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።

---

ቀጥታው (አዲስ አበባ) | ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ ነገሩን አታወሳስበው። ስርቆት ነው። «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል፣ ምሳሌ 11፡1። ደግ ሰው መሆኑ ሚዛኑን አያቃናውም።

ነገ ሂድና ንገረው። ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ተመለስ። እሱንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። ማቴዎስ 18 ላይ ቅደም ተከተሉ ተቀምጧል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ሁለት ቅዳሜ የጻፍክ ሰው ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ እጅህ ይለምደዋል። የምፈራልህ ይሄንን ነው።

---

ነርሷ እህታችሁ (ጅማ) | ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 1፡40

አሁን ከአዳር ተረኛነት ወጣሁ፤ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ልጻፍ።

ቀጥታው ያለውን አልቃወምም። «ነገ ሂድና ንገረው» የሚለው ግን አንድ ነገር አስታወሰኝ። 14 ዓመት ነርስ ነኝ። ከባድ የሕመም ዜና ሲነገር ሁለት ዓይነት ስሕተት አይቻለሁ።

አንዱ የችኩል ሐኪም ነው። ኮሪደር ላይ እንደቆመ፣ ካርዱን እያየ፣ «ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል» ብሎ ያልፋል። የተናገረው እውነት ነው፤ አንድ ቃል አልዋሸም። ሴትየዋ ግን ግድግዳ ይዛ ቀረች።

ሌላው የእኛ የቤተሰብ ነገር ነው። «እንዳትነግሯት፣ ትደነግጣለች» ይሉናል። በፍቅር ነው። አንዲት እናት ነበረች። ልጆቿ እየሳቁ ይገባሉ፣ ወጥተው ኮሪደር ላይ ያለቅሳሉ። አንድ ሌሊት ትራሷን ላስተካክል ጎንበስ ስል እጄን ያዘችው። «ልጄ፣ እየሞትኩ ነው አይደል? እነሱ እንዳያዝኑ ብዬ እንደማላውቅ ሆኜ ነው» አለችኝ። አምስት ልጆች ከበዋት ብቻዋን ነበረች። ልትሰናበታቸው ፈልጋለች፣ በር ግን አልከፈቱላትም። ያንን ሌሊት እስካሁን አልረሳሁትም።

ደህና አድርጎ የሚናገር ሐኪም መጀመሪያ ወንበር ይስባል። ይቀመጣል። «እስካሁን ምን ነገሩሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ይናገራል፣ አይቀንስም። ተናግሮም ቶሎ አይነሣም።

የአዌቱ ልጅ፣ ጓደኛህ ብቻውን ያለ ይመስለኛል። ያ መድረክ ላይ የሚያለቅሰው እንባ ማንም ያልጠየቀው እንባ ሊሆን ይችላል።

---

ቀጥታው | ኅዳር 13፣ ከረፋዱ 4፡10

እህቴ፣ ተቀብያለሁ። ቶሎ ጻፍኩ። ሐሳቤ ግን አልተለወጠም፤ ወንበር መሳብ መልካም ነው፣ ወንበር ስንስብ ወሩ እንዳያልቅ እንጂ። ለቀማው ታኅሣሥ ላይ ያበቃል።

---

ስም አይጠቀስ | ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 2፡30

እኔ የተነገረብኝ ሰው ነኝ።

ከተማውን አልጠቅስም። ከሰባት ዓመት በፊት ኃጢአቴ በጉባኤ ፊት ተነበበ። የተነበበው ሁሉ እውነት ነበር። ተበደልኩ አልልም። ከአገልግሎት መታገዴም ተገቢ ነበር። ባለቤቴ ሁለተኛ ወንበር ላይ ልጃችንን ታቅፋ ነበር። ልጁ ስሜ ሲጠራ ሰምቶ «አባ!» ብሎ ጮኸ፣ ደስ ብሎት።

ያነበበው ወንድም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ አልመጣም። ማንም አልመጣም። እኔም አራት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጥኩም።

አንዲት እናት ግን ነበሩ። ከሦስት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ በአገልግል እንጀራ ይዘው መጡ። ገብተው ተቀመጡ። ያሉኝ የመጀመሪያ ነገር «ያደረግከው ልክ አይደለም፣ ልጄ። ሚስትህን ጎድተሃታል» ነበር። ጉባኤው ያለውን ነው ያሉኝ፣ ቃል በቃል ሊባል ይችላል። በሳምንቱ ግን ተመልሰው መጡ። በሳምንቱም። አንድ ቀን ምንም ሳይሉ ሽንኩርት ሲልጡ ዋሉ። እኔ ያን ቀን ነው ለባለቤቴ ሁሉንም የተናዘዝኩት።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 5 ላይ በጉባኤው መካከል በኃጢአት የተገኘውን ሰው «አውጡት» አለ። ሁላችንም እዚያ ላይ እናቆማለን። በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ግን ስለ ተቀጣ ሰው ይቅር በሉት፣ አጽናኑት፣ ከልክ በሚበዛ ኀዘን እንዳይዋጥ ይላል። ሁለተኛውን ደብዳቤ ለእኔ ያደረሱልኝ እኚህ እናት ናቸው። አሁን አርፈዋል።

የአዌቱ ልጅ፣ ከመናገርህ በፊት አንድ ነገር ወስን። በሳምንቱ ትመለሳለህ? የማትመለስ ከሆነ ሌላ የሚመለስ ሰው ይናገረው።

---

የአዌቱ ልጅ | ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 4፡50

ወንድሜ፣ ይህን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከልብ አመሰግንሃለሁ። ስለ ልጁ የጻፍከው ላይ ሁለታችንም ዝም አልን።

---

ዘሆሳዕና (ጅማ) | ኅዳር 14፣ ከቀኑ 7፡15

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ገብቼ ብናገር እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አለኝ። ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ለእኔም የሚያስፈልገኝ ጥያቄ ነው።

በእኛ ዘንድ ሰው ለንስሐ አባቱ ሲናዘዝ ምስጢሩ ይጠበቃል። ገመናው አይወጣም። ይህ ሽፋን ነው። ግን የሰው ገንዘብ የወሰደ ሰው «ይፍታህ» ተብሎ ብቻ አይሸኝም። «መልስ» ይባላል። ንስሐውና መመለሱ አይነጣጠሉም።

ዘኬዎስን ተመልከቱት። ጌታ ከዛፉ ሥር ቆሞ «ቀማኛ ነህ» አላለውም። «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና ፈጥነህ ውረድ» አለው። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ከኃጢአተኛ ጋር ሊውል ገባ አሉ። ከገባ በኋላ ግን ዘኬዎስ ራሱ ቆሞ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ። በኦሪት ዘሌዋውያን 6 ላይ አታልሎ ወስዶ የተናዘዘ ሰው የወሰደውን ከአምስት አንድ እጅ ጨምሮ ይመልሳል። አራት እጥፍ ደግሞ በግ ሰርቆ ላረደ ወይም ለሸጠ የተጻፈ ነው፣ ዘጸአት 22። ዘኬዎስ ለራሱ ከባዱን መረጠ። ማንም አላስገደደውም። ጌታ ቤቱ ገብቶ ስለ ተቀመጠ ነው።

ወደ ቤቱ ሂድ፣ ወንድሜ። ቢሮ ወይም ካፌ አትጥራው።

---

ቡና አጣቢ (ጎማ ወረዳ) | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁንም አነበብኩ። መልካም ነው። ግን ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ጓደኛው ነው። ገበሬውስ?

እኔ ማጠቢያ ጣቢያ ነው የምሠራው፤ ነገሩን ከቅርብ ላስረዳችሁ። እሸት ቡና አያድርም። በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካል፣ ጥራቱ ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት ከቤተሰቡ ጋር ለቅሞ፣ ተሸክሞ ወይም በአህያ ጭኖ ሰብሳቢው ጋ የደረሰ ገበሬ «ዋጋው አልተስማማኝም፣ ሚዛንህ አላማረኝም» ብሎ ይዞ መመለስ አይችልም። ይህን ሰብሳቢው ያውቃል። ገበሬውም ሰብሳቢው እንደሚያውቅ ያውቃል። «ዱጋዳ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሌላ ምን አቅም አለው?

ግማሽ ኪሎ ትንሽ አይምሰላችሁ። ፍሬው በእጅ ነው የሚለቀመው፣ ቀይ ቀዩ እየተመረጠ። የአንድ ሰው ጣት ነው ያ ግማሽ ኪሎ። ምናልባት የሕፃን ጣት።

የአዌቱ ልጅ፣ ለጓደኛህ ጸጋ አደረግሁ ስትል የከፈሉት ሽማግሌው ናቸው። የአንተ ኪስ አልተነካም። ጌታ ይቅር ሲለን ዋጋውን ራሱ ከፈለ እንጂ በሌላ ሰው ሒሳብ አላስመዘገበም። ይህ ነው የከነከነኝ።

በአካባቢያችን አብዛኛው ገበሬ ሙስሊም ነው። ወንጌል በእጁ አይዝም። ሚዛናችንን ግን በየሳምንቱ ያነባል።

ስለ አነጋገሩም አንድ ነገር ልበል። የታጠበ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ስናሰጣ ፀሐይ የግድ ያስፈልገዋል። ተሸፍኖ ከከረመ ይሻግታል። ቀትር ላይ ግን እንሸፍነዋለን፤ የቀትር ፀሐይ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። ማታም እንሸፍናለን፣ ለጤዛው። ቀኑን ሙሉ ሴቶቹ በእጃቸው ሲያገላብጡት ይውላሉ። እዚያ ሥራ ላይ የዋለ ሰው መቼ እንደሚሸፍን በዓይኑ ያውቃል። አንተም ጓደኛህን 11 ዓመት አውቀኸዋል።

---

የአዌቱ ልጅ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2፡10

«የከፈሉት ሽማግሌው ናቸው።» በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

ትናንት ረጅም መልእክት በቴሌግራም ጽፌለት ነበር። ጥቅስም ጨምሬበታለሁ። ሳልልከው አጠፋሁት። ጥሩ አደረግሁ ወይ?

ሌላው የሚከብደኝ ውለታው ነው። እናቴ ዛሬ በሕይወት አለች። እንዴት ብዬ ዓይኑን አያለሁ?

---

የሐሙስ ገበያ (ጅማ) | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2፡45

ማጥፋትህ ጥሩ ነው። በስልክ ሰው አይወቀስም። ፊትህን አያይማ! ድምፅህ መንቀጥቀጡን በምን ያውቃል?

ስለ ውለታው ደግሞ፦ ያ ወንድም ያንን ገንዘብ ሲሰጥህ አፍህን ሊገዛ ነበር? አልነበረም። ስለ ወደደህ ነው። አሁን በእሱ ምክንያት ዝም ካልክ ስጦታውን ጉቦ አደረግክበት። እሱ ሳያውቅ። ያንን አታድርግበት።

---

ጋሼ ከሄርማታ | ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 2፡00

ልጆቼ፣ ሁላችሁም በርቱ። አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጊዜ ስላለኝ ትንሽ ላርዝም።

ይሉኝታ መጥፎ ነገር አይደለም። ያሳደገን እሱ ነው። ሰው ፊት ድምፃችንን ዝቅ የምናደርገው፣ ለእንግዳ አልጋችንን የምንለቀው በእሱ ነው። ግን ከጸጋ ጋር ልብሱ አንድ ዓይነት ስለሆነ እንሳሳታለን። ይሉኝታ የሚፈራው ለራሱ ፊት ነው፤ «ምን ይሉኛል?» ነው የስሙም ፍቺ። ጸጋ የሚያስበው ለዚያኛው ሰው ነው። መለያ የሚሆንህ አንድ ጥያቄ ልስጥህ፣ የአዌቱ ልጅ። ዝም ካልክ ወዲህ ወደ ወንድምህ ቀረብክ ወይስ ራቅክ? «አሜን ማለት አቃተኝ» ብለሃል። ጸጋ ሰውን አያርቅም።

ሁለተኛ፣ በሰምና ወርቅ እንዳትናገረው። እኛ ለዚህ ጎበዞች ነን። ለሌላ ሰው የምናወራ መስለን እሱን እንወጋለን፤ በጸሎት ውስጥ እንኳ አሽሙር እናስገባለን። ናታንም ለዳዊት በምሳሌ ጀመረ፣ እውነት ነው። ግን በምሳሌ አልጨረሰም። «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው፣ ፊት ለፊት።

ሦስተኛ፣ ገላትያ 6፡1 ላይ «በየውሃት መንፈስ አቅኑት» ይላል። የግሪኩ ግሥ ማርቆስ 1፡19 ላይ ያዕቆብና ዮሐንስ መረባቸውን ሲያበጁ የተጻፈው ራሱ ነው። የተቀደደ መረብ ያው ዓሣ ሊያዝበት ነው የሚጠገነው። እኔ ሳስበው ወጌሻ ይመጣብኛል። ልጅ ሳለሁ ክንዴ ወልቆ አባቴ ወጌሻ ጋ ወሰደኝ። ሰውየው መጀመሪያ በቅቤ አሸው፣ አሸው፣ ስለ ትምህርት ቤቴ ጠየቀኝ። ከዚያ ሳበው። ጮኽኩ። የሳበበት እጅና ያሸበት እጅ አንድ ነው። ማሸቱ ብቻ ቢሆን ክንዴ እስከ ዛሬ ጠማማ ነበር።

ጥቅሱ የሚያልቀው «አንተ ደግሞ እንዳትፈተን ራስህን ጠብቅ» ብሎ ነው። አንተ ግን ቀድሞም ተፈትነሃል፤ እጅህ ጽፏል። ስለዚህ ከእሱ ሚዛን አትጀምር። ከአንተ ብዕር ጀምር።

---

ቀጥታው | ኅዳር 15፣ ከረፋዱ 3፡30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። እሺ፣ ቤቱ ሄደ፣ ከራሱ ጀመረ፣ በፍቅር ነገረው። ሰውየው «አልተውም» ቢልስ? ገላትያ 2 ላይ ጳውሎስ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ነው የተናገረው። ነገሩ በአደባባይ ሰው የሚጎዳ ስለሆነ። ይሄም የሚጎዳው ብዙ ሰው ነው።

ነርሷ እህታችሁ | ኅዳር 15፣ ከቀኑ 6፡20

እኔ ጉባኤ ፊት በሚለው አልስማማም። ስም አይጠቀስ የጻፈውን አንብበን ነው እንዲህ የምንለው?

ስም አይጠቀስ | ኅዳር 15፣ ከቀኑ 8፡00

እህቴ፣ እኔ እንኳ ቀጥታው ልክ ሊሆን ይችላል ባይ ነኝ። በእኔ ጊዜ ጉባኤው ባይናገር ኖሮ ባለቤቴ ላይ መዋሸቴን እቀጥል ነበር። ያጣሁት ዝምታን ሳይሆን የሚያስታምመኝን ሰው ነው። ሽማግሌዎች ሊያውቁት የሚገባ ደረጃ ላይ ቢደርስ፣ ይወቁ። ግን ያን ቀን ማታ ቤቱ የሚሄደው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን።

ነርሷ እህታችሁ | ኅዳር 15፣ ከቀኑ 8፡25

አሁንም ልቤ እሺ አላለኝም። ለገበሬዎቹ ግን እኔም አዝናለሁ። እንጸልይ።

---

የአዌቱ ልጅ | ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 3፡00

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

ሐሙስ ማታ ቤቱ ሄድኩ። ዝናብ ጥሎ አባርቷል። ባለቤቱ ቡና አፈላች። አቦሉ ላይ ስለ እናቴ ጤና ጠየቀኝ። ቶናው ላይ ስለ ለቀማው አወራን። እኔ ሲኒውን ይዤ እጄ ይንቀጠቀጣል። በረካው ላይ ባለቤቱ ልጆቹን ልታስተኛ ገባች። ያኔ ነው ያልኩት።

«አንድ ነገር በድያለሁ፣ ልንገርህ» ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ቅዳሜ ያልተመዘነ ቁጥር በእጄ እንደጻፍኩ፣ ሽማግሌው ሲጠይቁኝ እንዳቀረቀርኩ ነገርኩት። ከዚያ «አንተ ነህ የጠራኸው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩት። ሌላ የተዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ።

ተቆጣ። «ሁሉም ሰብሳቢ እንዲህ ነው የሚሠራው። እኔ ብቻዬን 23 ከግማሽ ብዬ ብጽፍ በወር ውስጥ ከገበያ እወጣለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእናትህን ቀን ረሳኸው?» አለኝ። የፈራሁት ይህንኑ ነበር። አልረሳሁም አልኩት። «ያን ሌሊት ጥለኸኝ አልሄድክም። እኔም ዛሬ ጥዬህ አልሄድም» አልኩት። አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። እስከ ውጭ በር ሸኘኝ፣ «ደህና እደር» ግን አላለኝም።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። በሩን ባለቤቱ ከፈተችልኝ። «አሞታል» አለች። ድምፁን ግን ከውስጥ እሰማ ነበር። ለልጆቹ የገዛሁትን ብርቱካን ትቼ ተመለስኩ። በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ ሄድኩ። ያን ቀን ወጥቶ ደጅ ላይ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ስለ ምንም ነገር አላወራንም። ባጃጆቹ ሲያልፉ እያየን አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እሁድ ጸሎት ምራ ሲሉት «ዛሬ ይቅርብኝ» ማለቱን ሰምቻለሁ።

ያለፈው ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደወለ። «ማዳበሪያ መቀነሱን ትቻለሁ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ግማሿን ትቷት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ስለ መመለሱ ሳነሣበት ግን «ለማን ብዬ እመልሳለሁ? ስንት ሰው ነው?» አለ። ስማቸው መዝገቡ ላይ አለ አልኩት። ዝም አለ። እስከ ዛሬ ድረስ እዚያው ነን።

እኔ የራሴን ልጀምር ብዬ በማግሥቱ ሽማግሌው ጋ ሄድኩ። ቤታቸውን ጠይቄ ነው ያገኘሁት፤ ጓሮው ሙሉ ቡና ነው፣ ቅጠሉ ላይ ገና ውኃ አለ። ማን እንደሆንኩ ወዲያው አወቁኝ። የሆነውን ተናገርኩ። የጎደለባቸው 1 ኪሎ ተኩል ነበር፤ የ2 ኪሎ ዋጋ ሰጠኋቸው። ቆጠሩት። ሁለቴ ቆጠሩት። የግማሽ ኪሎውን ለይተው መለሱልኝና «ይሄ የእኔ አይደለም» አሉ። አስቀምጠው ቡና አጠጡኝ። ልሄድ ስነሣ «ያኛውስ? ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ደህና ነው አልኳቸው። «ይምጣ በለው። ልጅ እያለ አባቱን አውቃለሁ» አሉኝ።

ይህን ዛሬ ነገርኩት። አባቱን ያውቃሉ ስለው ፊቱን አዞረ። ቆይቶ «ቅዳሜ ትመጣለህ?» አለኝ። ጸሐፊው ድኗል፣ አላስፈልገውም ነበር። እመጣለሁ አልኩት።

---

ጋሼ ከሄርማታ | ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 3፡40

ልጄ፣ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን። ለእሱም ለአንተም እየጸለይኩ ነው።

ቀጥታው | ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 3፡55

እኔ ብሆን በመጀመሪያው ምሽት በሩን ዘግቼ እሄድ ነበር። ከአንተ ተምሬያለሁ። ስለ መመለሱ ግን አትተወው፤ መዝገቡ እንዳይጠፋ።

ቡና አጣቢ | ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 4፡20

ቅዳሜ ስትሄድ ግማሿንም ጻፋት።

የአዌቱ ልጅ | ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 4፡25

እጽፋታለሁ።